ፒፔቱን የያዘው ሌላ፣ ስሙ የሚጠራው ሌላ!

እኔ የምለው፣ ለመሆኑ በየዩኒቨርሲቲው የሴልና ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ማነው? ፕሮፌሰሩ? የለም! እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። ዲኤንኤውን የሚያወጣው፣ ጄሉን የሚያፈሰው፣ ቅዳሜ እሁድ ሳይል ሴሉን የሚመግበው “የምርምር ረዳት” የሚባለው ምስኪን ነው።

ማስታወቂያውን አይታችሁልኛል? ዲግሪ፣ ማስተርስ ቢኖር ይመረጣል፣ የ2 ዓመት የላቦራቶሪ ልምድ። የቅጥር ሁኔታ፦ ኮንትራት፣ “እንደ አስፈላጊነቱ የሚታደስ”። ትናንት የተመረቀ ልጅ ልምዱን ከየት ያምጣው? ከመርካቶ ይግዛው? “እስቲ በነፃ አገልግል” ይሉታል። ቦታው ሲከፈት ደግሞ የሚገባው ሰው ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ታውቆ ያድራል።

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቆየን) 3 ዓመት ሠርቻለሁ። ኮንትራቴ በየ6 ወሩ ይታደስ ነበር። እስኪታደስ ደመወዝ የለም፤ ሥራው ግን አለ! ሴል እንደሆነ ኮንትራት እስኪፈረም ብሎ ጦሙን አያድርም። ፒሲአሩ 30 ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራት ድርግም ሲል ከዜሮ የምጀምረው እኔ ነኝ። ጄል የምናቀልምበት ኤቲዲየም ብሮማይድ ዘረ መል የሚያዛባ ኬሚካል መሆኑ እየታወቀ፣ ጓንት ሲያልቅ መልሱ “ተጠንቅቀህ ሥራ” ነው። በመጨረሻ ጽሑፉ ታተመ። ስሜን ከላይ ፈለግሁ፣ የለም። ከታች ምስጋናው ውስጥ ፈለግሁ፣ የለም። ፍሪጁን የገዛው ድርጅት ግን ተመስግኗል!

“ረዳት እኮ የታዘዘውን ነው የሠራው” የሚሉን አይጠፉም። እሺ፣ ታሪክ እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ፣ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ውስጥ አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ሙከራ አድርገው፣ የዘር ውርስ ተሸካሚው ፕሮቲን ሳይሆን ዲኤንኤ ለመሆኑ ትልቅ ማስረጃ አቀረቡ። ቼዝ ያኔ ዶክትሬት የላትም፤ የምርምር ረዳት ነበረች። ኸርሺ ግን ስሟን ከስሙ ጎን አስፍሮ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖቤል ሲሸለም እሷ አልተካተተችም፤ ይህም ያሳዝናል። ቢሆንም ዛሬ ድረስ ተማሪው “የኸርሺና ቼዝ ሙከራ” እያለ ይማረዋል። የእኛዎቹም ክፍል ውስጥ ያስተምሩታል፤ ላቦራቶሪው በር ላይ ሲደርሱ ይረሱታል እንጂ!

ደንብም አለ። የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ መመሪያ፣ መረጃውን በማሰባሰብ ወይም በመተንተን ጉልህ ድርሻ ያለው ሰው በጽሑፉ ዝግጅት እንዲሳተፍ ዕድል ይሰጠው ይላል። ስለዚህ “እሱ መች ጻፈ?” ለሚሉን መልሳችን “መች ጋበዛችሁት?” ነው።

ልመና አይደለም የያዝነው። ኮንትራቱ በፕሮጀክቱ ዕድሜ ልክ ይሁን። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ይስፈር። ቅጥሩ በዝምድና ሳይሆን በግልጽ ውድድር ይሁን። ጓንት ሳይኖር ጄል አይነካ። ለዚህ ከጓንቱ በቀር ዶላር የሚጠይቅ ነገር የለም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም! አለዚያ ነገ መድረክ ላይ ወጥታችሁ “የተማረው ወጣት አገሩን ጥሎ ኮበለለ” እያላችሁ አትዘኑልን። ማን አባረረውና?