የተጋደመው በሬ፦ ስለ ኔትሱኬ እንስሳት አነባበብ

ኪሞኖ ኪስ የለውም። በመሆኑም በኤዶ ዘመን (1603–1868) የነበረ ጃፓናዊ የመድኃኒት ሣጥኑን ወይም የትንባሆ ከረጢቱን በገመድ ከመቀነቱ ያንጠለጥል ነበር። ገመዱ ሾልኮ እንዳይወድቅ በላይኛው ጫፍ የሚታሰረው፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ቅርጽ ኔትሱኬ ይባላል። ከእንጨት፣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከአጋዘን ቀንድ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም የእንስሳ ምስል አለው።

ስለነዚህ እንስሳት የሚጻፉ ማብራሪያዎች በአብዛኛው እንደ መዝገበ ቃላት ናቸው፤ ኤሊ ረጅም ዕድሜ፣ አይጥ ሀብት፣ ጥንቸል ጨረቃ። እኔም የመጀመሪያ የሴሚናር ጽሑፌን ያዘጋጀሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ዛሬ ግን አካሄዱ ከሚገልጠው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

በሬን እንውሰድ። የኪዮቶው ቀራጺ ቶሞታዳ ስሙ የተጠራው በተጋደሙ በሬዎቹ ነው፤ በ1781 በኦሳካ የታተመው «ሶኬን ኪሾ» ገና በዚያ ጊዜ ሥራዎቹን አስመስለው የሚሠሩ ብዙዎች እንደነበሩ ይመዘግባል። ይህን ያህል የተፈለገው በሬ ለገዢው ምን ነበር? በበሬ ዓመት ለተወለደ ሰው የልደት ዓመቱ ምልክት ነው፤ በአሥራ ሁለቱ እንስሳት ዑደት በሬ ሁለተኛው ነውና። ለተማሪ ደግሞ የዕውቀት አምላክ ተደርጎ የሚመለከው የቴንጂን መልእክተኛ ነው፤ በቴንጂን መቅደሶች ምእመናን የተጋደመውን የበሬ ሐውልት እየዳበሱ ይለምናሉ። የዜን ትምህርት ለቀሰመ ሰው የጠፋ በሬን ፍለጋ የገዛ ልቡናን ፍለጋ ነው። የሩዝ ማሳ የሚያርስ በሬ ብቻ ሆኖ የታየውም አይጠፋም። ስለዚህ ትርጉሙ ከቅርጹ ይልቅ በባለቤቱ ላይ ያርፋል።

ያ ባለቤት ግን የለም። ከሜጂ ዘመን ወዲህ የምዕራባውያን ልብስ ሲስፋፋ ኔትሱኬዎች በብዛት ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሸጡ፤ ብዙዎቹም ከገመዳቸውና ከከረጢታቸው ተለያዩ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ «በሬ፦ የትዕግሥት ምልክት» የሚል ጽሑፍ ስናነብ፣ የጠፋውን ሰው ቦታ ግምት ሞልቶታል ማለት ነው።

የቅርጹ መለስለስ ይመራናል የሚሉ አሉ። እጠራጠራለሁ፤ የአውሮፓ ሰብሳቢዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያሻሹት ኖረዋል። ከዚያ የሚሻለው የገመዱ ቀዳዳ ነው፤ ቅርጹ በመቀነት ላይ እንዴት እንደሚያርፍና የትኛው ገጹ ለተመልካች እንደሚታይ ይጠቁማል። በተጋደመ በሬ ላይ ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሆዱ በታች ናቸው፤ የካታሎግ ፎቶግራፎች ግን በሬውን ከጎኑ አንስተው ያልፋሉ። ሙዚየሞች ሌላ ምልክት ከመተርጎማቸው በፊት ገልብጠው ፎቶ ያንሱት።