የገንዘብ ክብር ከወዴት ይመጣል?

በቋንቋችን «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ያመለክታል። ስለዚህ የገንዘብ ክብር ከማዕድኑ ብቻ የሚመነጭ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ክብሩ የሚጸናው ገንዘቡን በሚያስቀርጹትና በሚቈጣጠሩት ሹሞች ታማኝነት ነው እላለሁ። ለዚህም ሁለት ከተሞችን በምስክርነት እጠራለሁ።

የመጀመሪያዋ የጥንቷ አቴንስ ናት። አቴናውያን ላውሪዮን ከተባለው ስፍራ ብር እየቈፈሩ፣ በአንድ ገጹ አቴና የምትባለው አምላካቸው፣ በሌላው ገጹ ጉጉት የተቀረጸበት ገንዘብ ያወጡ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ዓመት ገደማ ኒኮፎን የተባለ ሰው ባቀረበው ሕግ መሠረት አንድ የብር መርማሪ በገበያው መካከል ይቀመጥ ነበር። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ ሆኖ ላዩ በብር የተለበጠ ገንዘብ ሲያገኝ ወዲያው ይሰነጥቀዋል። መርማሪው ያጸደቀውን ገንዘብ አልቀበልም ያለ ነጋዴ የዚያን ቀን ሸቀጡ ይወረስበታል። ይሁን እንጂ መርማሪው ራሱ ሥራውን ቢያጓድል ኀምሳ ጅራፍ ይገረፋል።

ሁለተኛዋ ከካርቱም ማዶ፣ በዐባይ ዳር የምትገኘው ኦምዱርማን ናት። የመሐዲ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በጥር 1885 ካርቱምን ከያዙ በኋላ በግምጃ ቤት ሹማቸው በአሕመድ ሱለይማን መሪነት የወርቅና የብር ገንዘብ አስቀረጹ። የመጀመሪያው ብር መልካም ነበር። በዚያው ዓመት መሐዲ ሞቶ ኸሊፋ አብዱላሂ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ሹሞች ተፈራረቁ፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ብሩ እያነሰ መዳቡ እየበዛ ሄደ። ነጋዴዎች አንቀበልም ቢሉ ንብረታቸው ተወረሰ። መንግሥቱ በ1898 ሲወድቅ ገንዘቡ ከስሙ በቀር ብርነት አልቀረውም ማለት ይቻላል።

እነሆ፣ በሁለቱም ከተሞች እንቢ ያለ ነጋዴ ተቀጥቷል። ልዩነቱ ምንድን ነው? በአቴንስ ቅጣቱ የመጣው ከምርመራ በኋላ ነው፤ መርማሪውም ከሕግ በታች ነበር። በኦምዱርማን ግን ሕዝቡ ሲቀጣ ብሩን በመዳብ የለወጠውን የሚመረምር አልነበረም።

«ጦርነትና የንግድ መዘጋት አስገድደዋቸው ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን መዳብን ብር ነው ብሎ ማወጅ የግምጃ ቤቱን ጉድለት ወደ ድኻው መሶብ ማዛወር እንጂ ጉድለቱን መሙላት አይደለም።

ዛሬ በእጃችን የሚዘዋወረው የወረቀት ብር ከስሙ በቀር የብር ማዕድን የለበትም። ስለዚህ ከጥንቱ ይልቅ የዛሬው ገንዘብ የታማኝ ሹምና የነቃ ተቈጣጣሪ ያለህ ይላል።