ሞተር ብስክሌቱ ሳይቀዘቅዝ አይወልወል

ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ድስቱን፣ መጥበሻውንና ብርጭቆውን ነው። ዛሬ ግን ከማጀት ወጣ ብለን በረንዳ ላይ ወደቆመው ሞተር ብስክሌት እንሂድ። የባለቤትዎ፣ የልጅዎ ወይም የራስዎ ሊሆን ይችላል። የማንም ይሁን የማን፣ ጠዋት ሥራ የሚያደርስ፣ ማታ አስቤዛ ጭኖ የሚመለስ የቤተሰብ ንብረት ነውና እንክብካቤ ይሻል። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚገባው ረጅሙ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ መካኒኮች «ማርሚታ» የሚሉት ነው። እርሱ ሲያብረቀርቅ ሞተሩ አዲስ ይመስላል፤ እርሱ ሲዝግ የቀረው ቢታጠብም አያምርም።

ይሁንና ጨርቅና ሳሙና ከማንሣትዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሞተሩ ከመንገድ እንደገባ ይህ ቱቦ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የጋለ ሊሆን ይችላል። እንደ ምድጃ ነበልባል አይታይበትም፤ እንዲያውም በማብረቅረቁ የሕፃናትን እጅ ይጠራል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ቶሎ እንዲበርድ ብሎ ውሃ መድፋት ለብረቱም አይበጅም።

ከቀዘቀዘ በኋላ የቱቦውን አፍ በጨርቅ ይድፈኑና ጭቃውንና አቧራውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ቀልጦ የተጣበቀ ፌስታል ካለ በቢላዋ ሳይሆን በእንጨት ስንጣሪ ቀስ ብለው ይፋቁት። ቱቦው ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በላይ ቢፈትጉት ቀለሙ ይለቃል።

ቱቦው ክሮም የተነከረ ከሆነና የዝገት ነጠብጣብ ከታየበት፣ ምግብ የሚጠቀለልበትን የአሉሚኒየም ወረቀት ጨምድደው አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ እየነከሩ በዝግታ ይሹት። አሉሚኒየም ከክሮም የለሰለሰ ስለሆነ ዝገቱን ያነሣል እንጂ ክሮሙን አይጭርም። የድስት ሽቦ፣ አሸዋና የብርጭቆ ወረቀት ግን አይንኩት። የክሮሙ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም፤ አንዴ ከተጫረ ውሃ በጭረቱ ይገባና ብረቱን ከሥር ይበላዋል።

ለደበዘዘው ክፍል ጥቂት የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አድርገው ይወልውሉ። ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ አንሥተው በደረቅ ያድርቁ፤ የቀረ ሳሙና ሞተሩ ሲነሣ በሙቀት ይጋገርበታል። ወደ ሰማያዊና ወደ ቢጫ ያደላው ቀለም ሙቀት ያመጣው እንጂ እድፍ አይደለምና በጉልበት አይፈትጉት።

በመጨረሻ ከአፉ የደፈኑትን ጨርቅ ማውጣት አይርሱ። ውስጡ እንዲደርቅ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ማስነሣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ውጭ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ሁለት ነገሮችንም አጥብቀን እንከለክላለን። አንደኛ፣ ቱቦውን በቤንዚን አይጠቡ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለል እየተሳበ ሄዶ ከከሰል ምድጃው እሳት ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ በረኪናና አቼቶ አያቀላቅሉ፤ ሳምባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በረኪና ለብቻውም ቢሆን ክሮሙን ይበላል።

የጥርስ ሳሙናን ካነሣን አይቀር አንድ ክፉ ልማድ አብረን እንተው። ሕፃን በጋለ ቱቦ ሲቃጠል ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚፈለገው የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ ነው። የጥርስ ሳሙና ለብረቱ እንጂ ለቁስሉ አይሆንም። እነዚህ ሁሉ ቁስሉን ያቆሽሻሉ፤ ለሐኪሙም የቃጠሎውን መጠን ይሸፍኑበታል። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ፤ በረዶ ግን አይጠቀሙ። ልብሱ ከቆዳው ካልተጣበቀ ያውልቁለት፤ ከተጣበቀ አይላጡት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑ። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ማታ ሞተሩ ሲቆም ቱቦው ያለበት ጎን ወደ ግድግዳው ይሁን። በአብዛኞቹ ሞተሮች ቱቦው በስተቀኝ ስለሆነ ልጆችን በግራ በኩል ማውጣትና ማውረድ ያስለምዱ። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ድካምም አይጠይቅም፤ ባልም ሚስትም ተነጋግረው ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።