መዝገቡን ባለሙያ ይጻፈው፤ አማናው ግን ከነጋዴው አይወርድም

ሐምሌ ሲገባ በየገበያው አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። "ግብር የሚሠራልህ ማነው?" ከመርካቶ እስከ ደሴ፣ ከጅማ እስከ ድሬዳዋ መልሱም ተመሳሳይ ነው። "የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ተምሯል።" "አንድ ልጅ አለ፣ በዓመት አንዴ ይመጣል።" "ቢሮው ውስጥ ሰው የሚያውቅ አግኝቻለሁ።" ብዙ ወንድሞችና እህቶች ዓመቱን ሙሉ የለፉበትን ንግድ ፈቃዱን አይተው ለማያውቁት፣ ውልም ላልተዋዋሉት ሰው በእነዚህ ሦስት መልሶች ያስረክባሉ። ድሮም ቢሆን ይህ አደጋ ነበረው። አሁን ግን ሕጉም የገንዘቡ መጠንም ተቀይሯል፤ አደጋውም አብሮ ጨምሯል።

ምን ተቀየረ?

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ግብር ከፋዮች ሀ፣ ለ እና ሐ በሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ተከፍለው ነበር። በሐምሌ 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ማሻሻያ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት ዝቅ አደረገ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ ለ ሆኖ በሽያጩ መጠን ይከፍላል። 2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚሸጥ ግን ደረጃ ሀ ነው፤ የሂሳብ መዝገብ ይዞ ትርፍና ኪሳራውን በሰነድ ማሳየት አለበት። እንደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያሉ ድርጅቶች ደግሞ ሽያጫቸው ትንሽም ቢሆን ደረጃ ሀ ናቸው።

"2 ሚሊዮን ትልቅ ብር ነው፣ እኔን አይመለከተኝም" የሚል ነጋዴ እስቲ ቁጭ ብሎ ያስላው። በቀን 6,500 ብር የሚሸጥ ሱቅ በዓመት 310 ቀን ቢከፍት ሽያጩ 2,015,000 ብር ይደርሳል። ይህ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ዛሬ በዋና መንገድ ዳር ያለ የሸቀጥ ሱቅ በቀን 6,500 ብር መሸጡ ብርቅ አይደለም። ዕቃው ሳይጨምር ዋጋው ብቻ ሲንር ራሱን ትንሽ ነጋዴ አድርጎ የሚያስብ ሰው ሳያውቀው ወደ ደረጃ ሀ ሊሻገር ይችላል።

ወረቀት የሌለው ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2009 ክረምት በደረጃ ሐ ነጋዴዎች ላይ የተጣለው የቀን ገቢ ግምት ያስነሳውን ቁጣ፣ በየከተማው የተዘጉትን ሱቆች እናስታውሳለን። ቅሬታው ብዙ እውነት ነበረው፤ ግምቱ ያልተጠናባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሆኖም "ይህን ያህል አልሸጥም" ሲል በእጁ መዝገብ የያዘ ነጋዴና ባዶ እጁን የቆመ ነጋዴ እኩል አልተደመጡም።

ባለሙያ የሚባለው ማነው?

አካውንቲንግ የተማረ ሁሉ ግብር ከፋይን የመወከል ፈቃድ የለውም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ወኪልነትን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አድርጎታል። ወኪሉ የታክስ ማስታወቂያ ያዘጋጃል፣ ቅሬታ ይጽፋል፣ ስለ ታክስ ሕግ ምክር ይሰጣል፣ ግብር ከፋዩን ወክሎ ባለሥልጣኑ ዘንድ ይቀርባል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ማዕቀፍ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ደግሞ የሂሳብ ባለሙያዎችንና ኦዲተሮችን ይመዘግባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ታስከፍላለህ?" ሳይሆን "ፈቃድህን አሳየኝ፣ ታድሷል ወይ?" መሆን አለበት።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላ ነጥብም በዚሁ አዋጅ 983 ውስጥ አለ። ፈቃድ ያለው ወኪል ማስታወቂያችሁን ካዘጋጀ፣ ሰነዶቹን መመርመሩንና እስከሚያውቀው ድረስ ማስታወቂያው ትክክል መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ይገደዳል። አላረጋግጥም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በዓመት አንዴ የሚመጣው "ልጅ" እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥቷችሁ ያውቃል?

የአንድ አባት ጉዳይ

የማውቃቸው አንድ የጨርቅ ነጋዴ አሉ። ሐጂ ለሠላሳ ዓመት በንግድ የኖሩ፣ ብድር የማይወዱ፣ ከባንክ ወለድ የሚሸሹ ሰው ናቸው። ሂሳባቸውን በዘመድ ጥቆማ ለተገኘ ሰው ሰጡ። ሰውየው በየዓመቱ እየመጣ ወረቀት ያስፈርማቸዋል፤ ግብሩንም "እኔ ልክፈልልዎት" እያለ በእጁ ይቀበላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ኪሳራ አሳወቀላቸው። ሐጂ ያወቁት ኦዲት ሲመጣ ነው። የኤሌክትሮኒክ ታክሱ የይለፍ ቃል በእሱ እጅ ነበር፤ የተመዘገበው ስልክም የእሱ ስለነበር የውሳኔው ማስታወቂያ ለእሱ ደረሰ። ቅሬታ ማቅረቢያው 21 ቀን ሐጂ ምንም ሳይሰሙ አለፈ። ሰውየው ስልኩን አጠፋ። ዕዳው የቀረው በሐጂ ስም ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በአዋጅ 983 መሠረት ማስታወቂያውን በጊዜው ያላቀረበ ባልተከፈለው ግብር ላይ ለእያንዳንዱ የዘገየበት የታክስ ጊዜ 5 በመቶ እየታሰበበት እስከ 25 በመቶ ይቀጣል። ክፍያ የዘገየበት ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመርበታል። ከቅጣቱ ሌላ ደግሞ ወለድ ይታሰባል። ባንክ ቤት ወለድን የሸሸ ሙስሊም በመዘናጋቱ ምክንያት በግብር በኩል ወለድ ከፋይ ይሆናል። ሐጂን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገባቸው ይህ ነበር።

ጸሐፊውና አስጻፊው

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። የአንቀጹን አወቃቀር ልብ እንበል። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ አላህ ያሳወቀውን ሙያም ከመጻፍ እንዳይሰስት ተነገረው። የሚያስጽፈው ግን ጸሐፊው ሳይሆን ዕዳው ያለበት ሰው ነው፤ አላህን እንዲፈራና ከዕውነቱ ምንም እንዳያጎድል የታዘዘውም እሱ ነው። ማስጻፍ ለማይችል ሰው ወልዩ በፍትሕ ያስጽፍለት ተባለ። ትንሽም ሆነ ትልቅ መጻፍ እንዳይሰለቸን ተመከርን። ጸሐፊውም ሆነ ምስክሩ እንዳይጎዱ ተከለከለ።

አንቀጹ የወረደው ስለ ግብር ማስታወቂያ አይደለም። የሥራ ክፍፍሉ ግን ለዛሬው ጉዳያችን በቂ ትምህርት ነው። ባለሙያው ጸሐፊ ነው፣ ነጋዴው አስጻፊ። ሙያው ከእሱ፣ እውነቱ ከእኛ ይመጣል። ግማሹን ሽያጭ ደብቆ የሰጠ ነጋዴ ባለሙያው አጭበረበረኝ ማለት አይችልም። ሁለት ዓይነት መዝገብ እንዲያዘጋጅ የታዘዘ ባለሙያም "ደንበኛዬ ነው ያዘዘኝ" ብሎ አያመልጥም። በፊቅህ የወካላ ምዕራፍም ወኪል አሚን ነው፤ ካላጠፋና ካልተዘናጋ በስተቀር ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ አይሆንም። ኃላፊነቱ ወደ ወካዩ ይመለሳል። የአገሪቱም ሕግ ግብሩን የሚጠይቀው ከባለ ፈቃዱ ነጋዴ ነው።

"ግብር እኮ መክስ ነው፣ ቢደበቅ ምን አለበት?" የሚል ድምፅ በገበያው እንዳለ አውቃለሁ። ጉዳዩ የዑለማዎች ሰፊ ውይይት ያለበት ነው። ኢማም አል-ገዛሊና ኢማም አሽ-ሻጢቢን የመሳሰሉ ሊቃውንት የሕዝብ ግምጃ ቤት ሲራቆትና የጋራ ፍላጎት ሲያስገድድ፣ በፍትሕ እስከተጣለ ድረስ፣ ከዘካ ውጭ የሆነ ክፍያ ሊጠየቅ እንደሚችል ጽፈዋል። ፍትሕ የጎደለው ግምት ሲመጣ መቃወም መብት ነው፤ ሕጉም መንገዱን አስቀምጧል። የሐሰት ቁጥር ጽፎ እውነት ነው ብሎ መፈረም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፊርማ ምስክርነት ነውና።

ምን እናድርግ?

ባለሙያ ስንቀጥር ውል በጽሑፍ ይሁን። የትኞቹን ማስታወቂያዎች እንደሚያዘጋጅ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ክፍያ፣ ቅጣት በእሱ መዘግየት ቢመጣ ማን እንደሚሸከም ይጻፍ። የደረጃ ሀ ዓመታዊ ማስታወቂያ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው ብሎ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ባለሙያ መፈለግ ራስን ለአጭበርባሪ ማጋለጥ ነው። ቫት ተመዝጋቢ የሆነና ሠራተኛ የቀጠረ ደግሞ በየወሩ የሚያሳውቀው ስላለበት ዓመት መጠበቅ አይችልም።

የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ ይወቅ፤ የሚመዘገበው ስልክና ኢሜይልም የራሱ ይሁን። ግብር ከራስ ሒሳብ ወይም ከራስ ቴሌብር በቀጥታ ለመንግሥት ይከፈል እንጂ በባለሙያው ኪስ አይለፍ። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ማኅተምና የደረሰኝ ጥራዝ ከሱቃችሁ አይውጣ። የእያንዳንዱን ማስታወቂያና ክፍያ ቅጂ ተቀብላችሁ ሕጉ እስከሚጠይቀው ጊዜ ድረስ አስቀምጡ፤ ባለሥልጣኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመረምር ይችላልና። በወር አንድ ቀን ከባለሙያው ጋር ተቀምጣችሁ ቁጥሩን እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ። ያልገባችሁን አትፈርሙ።

"ኪሳራ አሳውቅልሃለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት። ከዲኑ ጉዳይ ሌላ፣ በማሻሻያው አዋጅ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ ላይ የተመሠረተ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር ስለገባ የሐሰት ኪሳራ እንደ ድሮው ከክፍያ አያስጥልም።

ጥሩ መዝገብ ጥቅሙ ለግብር ብቻ አይደለም። ዘካውን በግምት የሚያወጣ ነጋዴ የዕቃውን፣ የጥሬ ገንዘቡንና የሚሰበሰበውን ዕዳ ልክ ያውቃል። ወንድማማቾች በአባታቸው ፈቃድ አብረው የሚነግዱበት ሱቅ ላይ አባት ሲሞቱ፣ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳ መከፈል አለበት። ዕዳው ስንት ነው? የማን ነው? መዝገብ ከሌለ መልሱ ጭቅጭቅ ነው፤ ጭቅጭቁም ዝምድና ይቆርጣል።

"ለባለሙያ የምከፍለው የለኝም" የሚለው ስሞታ እውነት አለው። መንግሥት ትንሹን ነጋዴ መዝገብ ያዝ ካለ፣ ፈቃድ ያላቸውን ወኪሎች ዝርዝር በየወረዳው በቀላሉ እንዲታይ ማድረግና ነፃ ምክር ማቅረብ ይገባዋል። እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በአንድ የገበያ ሕንፃ ያሉ አሥር ሱቆች ተስማምተው አንድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መቅጠር ይችላሉ። የመስጂድ ጀማዓዎች ከሐምሌ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለነጋዴዎች ትምህርት ቢያዘጋጁ፣ በየጀማዓው ያሉ የሂሳብ ባለሙያዎች ለማስተማር የሚሳሱ አይመስለኝም።

ሐጂ ዛሬ ሌላ ባለሙያ ቀጥረዋል። ፈቃዱን አይተዋል፣ ውል አላቸው፣ በየወሩ መጨረሻ አብረው ይቀመጣሉ። ዕዳውን በክፍያ ስምምነት እየከፈሉ ነው። "ጨርቁን እጄ ዳስሶ ይለየው ነበር፤ ወረቀቱን ግን ሳላየው ነው የፈረምኩት" ይላሉ።

ወላሁ አዕለም።