ልጁ ምን ሰርቆ ነው?

የፊልማችን መክፈቻ ባለፈው ሳምንት ታየ። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከአርባ ጊዜ በላይ ቆራርጠነዋል። ጨለማ ኮሪደር፣ ጫማ፣ በር፣ ላብ፣ የሚሮጥ ልጅ፣ ከበሮ። አጨበጨባችሁ። የዶርሙ ዘበኛ ጋሼ ግን «ልጁ ምን ሰርቆ ነው?» ብለው ጠየቁን።

መልስ የለንም። እኛስ መች አወቅነውና!

«ተመልካች የሚያዘው በፍጥነት ነው» የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ ኦርሰን ዌልስ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ተች ኦፍ ኢቭል» እዩ። አንድ ሰው ቦምብ ሞልቶ መኪና ኋላ ይደብቃል። ወንድና ሴት ገብተው ይነዳሉ። ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ አንዴም ሳይቆረጥ በድንበሩ ከተማ ይከተላቸዋል። እነሱ አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን። ልብ የሚያንጠለጥለው ይኸው ማወቃችን ነው እንጂ መቀስ አይደለም!

ደግሞ «ዌልስ ክሬን ነበረው» አትበሉኝ። ልጁ ከመሮጡ በፊት የጓደኛውን የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ኪሱ ሲከት ማሳየት ስንት ብር ይፈጃል? ያላሰብነውን ነገር በከበሮ ሸፈንነው፣ በቃ። ቆራጩም እኔው ነበርኩ፤ በሌላ አላሳብብም።

ቅዳሜ እንደገና እንቀርጻለን። ጭብጨባችሁን አቆዩልን፤ መጀመሪያ የሚያዩት ጋሼ ናቸው።