ወንድማችሁን ሚዛን ላይ አታውጡት

ወንዶች በቁንጅና የሚወዳደሩበትን የቴሌቪዥን ጨዋታ አይታችሁ ይሆናል። ሸሚዝ ይወልቃል፣ ደረት ይነፋል፣ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፤ የወደቀው ፈገግ እያለ በጭብጨባ ይሸኛል። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ወጣቶች ስለዚህ ሲነሣባቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ምን አለበት? ጨዋታ እኮ ነው!» አለበት እንጂ!

«ሚስ ወርልድ» የተባለው የሴቶች ውድድር በ1951 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተጀመረ። ያው ድርጅት በ1996 ኢስታንቡል ላይ ወንዶቹን ሰብስቦ «ሚስተር ወርልድ» አለ፤ የመጀመሪያው አሸናፊም ቤልጂየማዊው ቶም ኑየንስ ነበር። ስፖርትና ተሰጥኦም ይፈተኑበታል ይባላል። ይሁን፤ ግን መልኩ ያላማረ ሰው ተሰጥኦውን ሊያሳይ እዚያ ሲቆም አይታችኋል?

እህቶቻችን እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ሲወጡ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። ስለ ቀሚሳቸው ርዝመት፣ ስለ ከንፈር ቀለማቸው ስንት ትምህርት ተሰጠ! ወንዱ ሲወጣ ግን እንስቃለን። ለእህት ኃጢአት የሆነው ለወንድም ቀልድ ነው የሚል የትኛው መጽሐፍ ነው? እናንተም እህቶች፣ «ተራው የእነሱ ነው፤ ይቅመሱት» የምትሉ አላችሁ። የመረራችሁን ጽዋ ለወንድማችሁ ማቀበል ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?

ደግሞስ ሚዛኑ የማን ነው? በደቡብ ኦሞ የቦዲ ወንዶች ለካኤል በዓል ወራት ሙሉ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ የሚደነቀው ሆዱ የገዘፈው ነው። የእኛ ሰፈር ልጅ ደግሞ ሆዱ ካልተከፋፈለ እንቅልፍ የለውም። ሁለቱን መድረክ ቢያለዋውጧቸው ሁለቱም መሳቂያ ይሆናሉ።

ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በዚህ ሚዛን ሊሳሳት ነበር። ኤልያብን ቁመቱን አይቶ ሊቀባው ሲል ጌታ ከለከለው፤ የሚፈለገው ልጅ ሜዳ ላይ በግ ይጠብቅ ነበር። አቤሴሎምንም አስቡ። በመልኩ እስራኤል ሁሉ ያደንቀው ነበር፤ ጠጉሩ ሲቆረጥ 200 ሰቅል ይመዝን ነበር። ዛሬ ቢወዳደር አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው፤ የገዛ አባቱን ከዙፋን ያሳደደውም እሱ ነው። ኢሳይያስ 53ንስ አንብባችኋል? ስለ መሲሑ ሲናገር፣ ዓይን የሚስብ መልክ እንዳልነበረው ይነግረናል። እናንተ በምታጨበጭቡበት ውድድር ጌታችን ከመጀመሪያው ዙር ይወድቃል።

ሱሉልታ ያላችሁ በየማለዳው ሯጮችን ታያላችሁ። ክንዳቸው ቀጭን፣ ጉንጫቸው የጎደለ ነው፤ ያ ሰውነት ግን የተሠራበትን ሥራ ያውቃል። ሰበታ ያላችሁ ደግሞ በመርሐ ዕውራን የተማረ ወንድም በመካከላችሁ ካለ፣ ጓደኞቹን በምን እንደሚለያቸው ጠይቁት። መልሱን እኔ አልነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ስሙት።

«ጨዋታ ነው» የምትሉትን ግን ቡራዩ ላይ አየሁት። የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ ድምፁ ግሩም። ጓደኞቹ ከቴሌቪዥኑ ተምረው፣ የጸሎት ፕሮግራም እስኪጀመር እርስ በርስ ከ10 ነጥብ ሲሰጣጡ ለእሱ 3 ሰጡት። ብጉር ስላለበት ነው። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከመዘምራን ጋር አልቆመም። መሪያቸው ለምን ብላ ብትጠይቀው፣ «ሰው ፊት መቆም አልፈልግም» አላት። ነጥብ የሰጡት ልጆች ግን ዛሬም ይዘምራሉ፤ ከፊት ረድፍ።

አንዳንድ ኅብረቶች በዓመት መዝጊያ ምሽታቸው «የዓመቱ ምርጥ ለባሽ ወንድም» ብለው እጅ እያስወጡ ያስመርጣሉ። የዘንድሮው ፕሮግራም ገና አልታተመም፤ ካስገባችሁት አውጡት። ያ ልጅ በዚያ ምሽት የሚመጣ ይመስላችኋል?