ትልቁ ምት ዳኛ አይሆንም

በኢንተርኔት በሚካሄዱ የጀብዱ ጌሞች ውስጥ ለጨበጣ ውጊያ የትኛው መሣሪያ ይሻላል የሚለው ሙግት ማብቂያ የለውም። አንዱ በከባድ ሰይፍ ያሳረፈውን አንድ ግዙፍ ምት እንደ ማስረጃ ያቀርባል፤ ሌላው ቀላል መሣሪያው ሳያቋርጥ እንደሚመታ ይናገራል። ዓይን የሚገባው ግን ትልቁ ቁጥር ነው። ስቶ ያለፈውን ምትና በሁለት ምት መካከል የባከነውን ጊዜ የሚቆጥር ጥቂት ነው። እነዚህ ጥቂቶች፣ መሣሪያቸውን ይዘው አንዱን ጭራቅ ደጋግመው እየመቱ ውጤቱን የሚመዘግቡት፣ ሥራ ፈቶች ተብለው ሊናቁ አይገባም። የሚያደርጉት ነገር ማስረጃን የመመዘን ልምምድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን እንውሰድ። የዚህ ጌም ሰዓት በ0.6 ሰከንድ፣ በ0.6 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ተጫዋቾቹ አንዷን ቆጠራ ቲክ ይሏታል። አቢሳል ዊፕ የተባለው አለንጋ በየ4 ቲኩ፣ ማለትም በየ2.4 ሰከንዱ ይመታል። ጎድሶርድ የሚባሉት ባለ ሁለት እጅ ሰይፎች ግን 6 ቲክ፣ ማለትም 3.6 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ምቱ ካረፈ የጉዳቱ መጠን እስከ ጣሪያው ድረስ ካሉት ቁጥሮች በዕጣ ስለሚወጣ፣ አማካዩ የጣሪያው ግማሽ ገደማ ነው። የአለንጋው ጣሪያ 30፣ የሰይፉ 42 ነው፣ ምቶቹም ሁሉ ያርፋሉ እንበል። በ36 ሰከንድ ውስጥ አለንጋው 15 ጊዜ መትቶ ወደ 225 ጉዳት ያደርሳል፤ ሰይፉ 10 ጊዜ መትቶ 210 ላይ ይቀራል። በአንድ ምት የተሸነፈው በደቂቃ አሸነፈ ማለት ነው።

ይህን በፈተና ለማረጋገጥ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጣሪያው 30 በሆነ መሣሪያ 10 ጊዜ ብቻ የመታ ሰው የሚያገኘው አማካይ ከእውነተኛው 15 በ3 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ በ10 ምት ሁለት ተቀራራቢ መሣሪያዎችን ማበላለጥ ዕድልን ችሎታ ብሎ መጥራት ነው። ምቱ 1,000 ሲደርስ ያ መዋዠቅ ወደ 0.3 ገደማ ይወርዳል። በአለንጋው ፍጥነት 1,000 ምት 40 ደቂቃ ይወስዳል። የአንድ ሙግት መቋጫ ዋጋው 40 ደቂቃ ከሆነ ውድ አይባልም።

የጌሙን ሕግ የጻፈው ሰው ስለሆነ ከመፈተሽ ጸሐፊውን መጠየቅ አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ነገር ግን አዘጋጆች ስሌታቸውን ሁልጊዜ ዘርግተው አያሳዩም፤ ማሻሻያ በወጣ ቁጥርም ትናንት ትክክል የነበረው ዛሬ ሊያረጅ ይችላል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ አማካይ ቁጥር እውነተኛውን ውጊያ አያሳይም የሚለው። እውነት አለው። በዚሁ ጌም ውስጥ 5 የሕይወት ነጥብ ብቻ ያለው ጎብሊን አለ፤ እሱን 42 በሚመታ ሰይፍ መጣል 37ቱን አየር ላይ መበተን ነው። ጥሩሩ የጠነከረ ጠላት ሲያጋጥም ደግሞ የሚስተው ምት ይበዛና ስሌቱ እንደገና ይለወጣል። ሆኖም ይህ የሚያፈርሰው በአንድ ሁኔታ ብቻ የተደረገን ፈተና እንጂ መፈተሽን አይደለም። መልሱ በየዓይነቱ ጠላት ላይ መሞከርና ቁጥሩ የተገኘው የት እንደሆነ አብሮ መናገር ነው።

ሁሉም በቁጥር ከተመራ ጨዋታው ለዛ ያጣል የሚሉም አልተሳሳቱም፤ ለደስታው የሚጫወት ሰው የወደደውን ሰይፍ ቢይዝ ማንም አይከሰውም። በጌም ውስጥ መመዘን የለመደ ሁሉ ከጌም ውጭም ይመዝናል ብሎ መደምደምም ችኮላ ነው። ጥያቄዎቹ ግን የትም ቢሆን ያው ናቸው፤ ስንት ጊዜ ተሞከረ? በምን ያህል ጊዜ? በምን ሁኔታ? የሳተውስ ተቆጥሯል? እነዚህን አራቱን ያልመለሰ ቁጥር፣ የሰይፍም ይሁን የገበያ፣ ፉከራ እንጂ ማስረጃ አይባልም።